ምስክር ፍለጋ ወደ ጋይንት

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጉናን ተራራ ጎን ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ በሚያልፈው መንገድ ዳር ደበሎ የደረበ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ፣ ዱላ የያዘ ወጣት ቢታይ የአገሩ ሰው ዞር ብሎ አያየውም። ተማሪ ነው። አገሩን ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሩቅ ነው፤ ሜጫ ይላል፣ ዋግ ይላል፣ መንዝ ይላል። ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቁት ደግሞ መልሱ አንድ ቃል ሊሆን ይችላል፦ «ለምስክር»።

ከዚህ ቃል በስተኋላ አንድ ሙሉ ሥርዓት አለ። ከአገሩ የወጣ ልጅ፣ ገንዘብ ሳይኖረው፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እየተዛወረ በመጨረሻ በሙያው የበላይ ወደሆነው ጉባኤ የሚደርስበት ሥርዓት ነው። ዛሬ ትራንስፈር የምንለው ነገር በዘመናዊው ትምህርት ቤት ፎርም ተሞልቶ የሚለመን ልዩ ፈቃድ ነው። በአብነት ትምህርት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት፣ ግን መዛወር ግዴታ ነው፤ ሳይዛወር ሊቅ የሆነ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለመረዳት ከትምህርቱ አከፋፈል መነሣት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት «ቤት» በሚባሉ ዘርፎች የተከፈለ ነው። ቤት ሲባል ሕንፃው አይደለም፤ የሙያው ዓይነት ነው። መጀመሪያው ንባብ ቤት ነው፤ ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፣ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ቅዳሴ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት አሉ። ዜማ ቤት ራሱ ውስጡ ሌላ አገር ነው። ድጓ፣ ጾመ ድጓና ምዕራፍ በአንድ ወገን፤ ዝማሬና መዋሥእት በሌላ ወገን፤ አቋቋም፣ ማለትም ዜማውን ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር አስማምቶ መቆም፣ ደግሞ ለብቻው። መጻሕፍት ቤትም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ይከፈላል። ሁሉንም ልዝለቅ ያለ ሰው ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ አንዱን ወይም ሁለቱን መርጦ ይጠልቅበታል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ምክንያት ይታያል። ትምህርቱ በቃል የሚያዝ ነው። መምህሩ ያስተምራል ማለት በራሱ ውስጥ ያለውን ለሌላው ያስተላልፋል ማለት ነው፤ መጽሐፍ ቢኖርም መጽሐፉ ለማመሳከሪያ ነው። አንድ ሰው በልቡ ሊይዝ የሚችለው ደግሞ ወሰን አለው። ድጓ ዓመቱን ሙሉ በየበዓሉና በየሳምንቱ የሚዜመውን የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ እርሱን ከነዜማው ጨርሶ የያዘ መምህር ብሉይንም በዚያው ልክ ተርጉሞ፣ ቅኔንም በዚያው ልክ አስነግሮ ይኖራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ሙያው ተከፋፈለ። ሙያው ሲከፋፈል ደግሞ ቦታውም ተከፋፈለ፤ አንድ መምህር አንድ ቦታ ላይ ወንበር ዘርግቶ፣ ደቀ መዝሙሩ ተክቶት፣ የደቀ መዝሙሩ ደቀ መዝሙር ተክቶት፣ ቦታው በዚያ ሙያ ስም ይጠራ ጀመር።

የደቡብ ጎንደር ደጋ በዚህ ካርታ ላይ ያለው ድርሻ ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ምስክር ቤት ማለት ተማሪው ሌላ ቦታ የተማረውን አምጥቶ የሚያስመሰክርበት፣ መምህር መሆን የሚችል መሆኑ የሚረጋገጥበት የመጨረሻው ጉባኤ ነው። በዚያው በጋይንት በኩል ያለችው ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥእት ምስክር ቤት ናት፤ በትውፊት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዝማሬን የደረሰው እዚያ ነው ይባላል። ቆማም በድጓ ዜማ የራሱ መንገድ ያለው ቤት ነው። አቋቋምን በተመለከተ ከፎገራ የተነሡት አለቃ ገብረ ሐና ተክሌ የሚባለውን የአቋቋም ስልት ፈጠሩ፤ ስሙ የልጃቸው ነው። አለቃን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ በአቋቋም ቤት ግን ቀልዱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ቅኔ የፈለገ ግን ከዚህ ወጥቶ ጎጃም ውስጥ ወዳሉት ዋሸራና ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ መሄድ ይመርጥ ነበር። እንግዲህ የጎጃም ልጅ ለድጓ ወደ ጋይንት ሲመጣ የጋይንት ልጅ ለቅኔ ወደ ጎጃም ይሻገራል። ዓባይ ላይ የሚተላለፉት ሁለቱም ስደተኞች ናቸው።

ለምን ግን ምስክር አስፈለገ? ድጓውን በሰፈሩ የተማረ ሰው በሰፈሩ ቢያስተምር ምን ይጎድለዋል? መልሱ ያለው በዜማው አጻጻፍ ላይ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት ለድጓ የዜማ ምልክት ሠሩለት። ዋና ዋናዎቹ 8 ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክና ቁርጥ። ከእነዚህ በተጨማሪ ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፉ ፊደሎች አሉ። እነዚህ ፊደሎች የታወቀ የዜማ ሐረግ ምኅጻር ናቸው፤ «ይህን ቃል እንደዚያኛው ቃል በለው» ብለው ይጠቁማሉ። ያኛውን ቃል ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቱን ቢያይም አይዘምረውም። ምልክቱ ለሚያውቅ ማስታወሻ ነው እንጂ ለማያውቅ አስተማሪ አይደለም።

ከዚህ አንድ አደጋ ይወለዳል። ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ በየደብሩ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። አንዱ መምህር ርክርኩን ያረዝማል፣ ሌላው ያሳጥራል፤ በሦስት ትውልድ ውስጥ ሁለት ጎረቤት ደብሮች በአንድ በዓል አብረው መቆም ያቅታቸዋል። ምስክር ቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከየአገሩ የተማሩት ወደ አንድ ጉባኤ ይመጣሉ፣ ዜማቸው በአንድ ሚዛን ይመዘናል፣ ያዘነበለው ይቀናል፣ ከዚያ ወደየአገሩ ይመለሳሉ። ማተሚያ ቤትም ሆነ የትምህርት ሚኒስቴር በሌለበት ዘመን ሸዋ ላይና ትግራይ ላይ የሚሰማውን ድጓ እንዳይራራቅ አድርጎ ያቆየው የእነዚህ ተማሪዎች እግር ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር፤ ይህ ሁሉ ጉዞ በምን ገንዘብ ነው የሚሄደው?

ክፍያ የለም። መምህሩ ተማሪውን ገንዘብ አይጠይቀውም፤ ተማሪውም የለውም። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፣ እንጨቱን ራሱ ይለቅማል፣ ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፣ በአዝመራ ጊዜ የመምህሩን እርሻ ያግዛል። ምግቡን የሚያገኘው በልመና ነው። ቀን ቀን አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። ከሰጡት ቁራሽ እንጀራ፣ ቆሎ ወይም ዱቄት ይወስዳል። «እግዜር ይስጥህ» ካሉት የለንም ማለት ነውና ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል፤ ውሻው ካልቀደመው። የተረፈውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስሙ እንኳ ከምግቡ የመጣ ነው፤ ገብስ ሲቆላ ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይከርማል፣ ቆሎ ቋጥሮ የሚማረውም የቆሎ ተማሪ ተባለ።

አብዛኛው ጸሐፊ ይህን ሲያነሣ የተማሪውን ችግርና ትዕግሥት ይተርካል። ችግሩ እውነት ነው። ሆኖም ልመናው የድህነት ምልክት ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ የገንዘብ ምንጭ መሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል። ይህ ምንጭ የሚሠራው ደግሞ ተማሪው ባዕድ ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ልጅ በራሱ መንደር አኩፋዳ ይዞ ቢዞር የሚያፍረው አባቱ ነው፤ «የእገሌ ልጅ ቁራሽ ለመነ» ይባላል። አባት ደግሞ በሬ፣ መሬትና አጨዳ አለው፤ ልጁን በጠዋት ወደ እርሻ ይጠራዋል። እናት ትጠራዋለች፣ ለሠርግ ይጠራል፣ ለለቅሶ ይጠራል። ብዙዎች ከወላጅ ተሰውረው፣ ማታ ተነሥተው የሚሄዱት ለዚህ ነው፤ ያልተሰወረው ደግሞ አባቱ ፈልጎ አግኝቶ የሚመልሰው ጊዜ አለ። ሦስት ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ግን ያው ልጅ ተማሪ ነው። ልመናው ነውር መሆኑ ይቀርና ሥርዓት ይሆናል። የሚጠራው የሥጋ ዘመድ ስለሌለ ቀኑ በሙሉ የቀለም ነው። ቀለም በአብነት ቤት አነጋገር መምህሩ ለዕለቱ የሚሰጠው በቃል የሚጠና ትምህርት ነው።

የሚሰጠው ገበሬስ ምን ያገኛል? ጽድቅ ያገኛል፤ እርሱ እንደሚለው። ከጽድቁ ጎን ለጎን ግን ሌላ ሒሳብ አለ። በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው የፋርጣ ገበሬ ለሜጫው ልጅ ቁራሽ ሲሰጥ የእርሱ ወንድም ወይም ልጅ ምናልባት በዚያው ሰዓት ሜጫ ውስጥ አኩፋዳ ይዞ እየዞረ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አላሰላውም፤ ቢሰላ ግን አንዱ አገር ለሌላው አገር ተማሪ የሚከፍለው፣ ሌላውም በተራው የሚመልሰው የማይጻፍ ውል ሆኖ ይገኛል። ወጪው በአንድ ባለጸጋ ላይ ስለማይወድቅ፣ በሺህ ደጅ ላይ በቁራሽ በቁራሽ ስለሚከፋፈል፣ ማንንም ሳይጎዳ ኖሯል። ሰብል በጠፋበት ዓመት ግን መጀመሪያ የሚላላው ይህ ውል ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪ ይበተናል።

ሦስተኛው ነገር አቀባበሉ ነው። ቤተልሔም የደረሰ ተማሪ የመግቢያ ፈተና አይፈተንም። የትኛው አገር እንደሆነ፣ ማን ዘንድ እንደተማረ ይጠየቃል፤ ጎጆ መሥሪያ ቦታ ያገኛል፤ ከጉባኤው ይቀላቀላል። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ከውጭ ስትታይ እንደማንኛውም የገጠር ደብር ክብና ሣር ክዳን ነበረች፤ ውስጧ ግን ጥንታዊ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ አለ። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክናም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቷት ለውጭ አንባቢ ሲጽፍ እንደ ግኝት ቆጥሯት ነበር፤ ከየአገሩ በእግራቸው የመጡት የድጓ ተማሪዎች ግን ለብዙ ትውልድ በየማለዳው ሲገቡባት ኖረዋል።

ተማሪው ይዞት የሚመጣው ሁለት ነገር ነው፤ ድምፁና መጽሐፉ። ድጓ የሚማር ሰው በወጉ ድጓውን በእጁ መጻፍ አለበት፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምልክቱን ጭምር። ምስክር ቤት ሲደርስ በመምህሩ ፊት ያዜማል፣ መምህሩ ይሰማል፤ ዜማው ከቤቱ ወግ የራቀበት ቦታ ላይ ያስቆመዋል፣ ያርመዋል። እርማቱ ከድምፁ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል፤ የተሳሳተው ምልክት ይታረማል። እንዲህ ከዳር እስከ ዳር ይወርዳል። ሌላ ቦታ ብዙ ዓመት ተምሮ የመጣ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይደመጣል ማለት ነው። ሲጨርስና መምህሩ ሲረካ ይመሰከርለታል፤ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ «የማን ተማሪ ነህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ዲፕሎማው ነው።

ይህን ከሌላው ዓለም ጋር ማስተያየት ይረዳል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ተማሪ ከቦሎኛ ወደ ፓሪስ እየተንከራተተ ይማር ነበር፤ እርሱም ይለምን ነበር። እዚያ ችግሩ የተፈታው በወረቀት ነው። በ1233 እ.ኤ.አ. የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ በቱሉዝ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ዳግመኛ ሳይፈተን በየትም ቦታ ማስተማር ይችላል ብለው ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ የዕውቀት ማስረጃ ከሰውየው ተለይቶ በማኅተም ላይ ተቀመጠ። የዛሬው የአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የተሰደደ ወጣት፣ ከደብረ ታቦር የሄደም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ይህ መግቢያው የማይጠብብ፣ ክፍያው ዝቅ ያለ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ሁለቱን ዓመት ሲጨርስ ስመ ጥር ወደሆነው ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ያመለክታል። የሚዛወረው ግን ድምፁ ሳይሆን ትራንስክሪፕቱ ነው፤ የወሰደው ትምህርት በክሬዲት ተቆጥሮ፣ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ «ይህን እቆጥርልሃለሁ፣ ይህን አልቆጥርም» ይለዋል። ካሊፎርኒያ በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ዕቅድ ይህን መሻገሪያ በሕግ ያደራጀች ግዛት ናት። ተቀባዩ ተማሪውን ዳግመኛ አይሰማውም፤ ወረቀቱን አምኖ ያስገባዋል ወይም ይመልሰዋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የወረቀቱ ሥርዓት መምረጫውን በመግቢያው ላይ አቆመ፤ የዩኒቨርሲቲው በር ጠባብ ነው፣ የገባ ግን ብዙውን ጊዜ ተመርቆ ይወጣል። ጋይንት ያለው ሥርዓት መምረጫውን በመውጫው ላይ አቆመ፤ ደጁ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው፣ ተመስክሮለት የሚወጣ ግን ጥቂት ነው። የሚመርጠው መምህሩ ብቻም አይደለም። ብርድ ይመርጣል፣ ረኀብ ይመርጣል፣ ተስቦ ይመርጣል፣ ናፍቆት ይመርጣል። ጥሩ ጆሮ ያለው ልጅ በደካማ ሆድ ምክንያት ሊቀር ይችላል። ይህ ፍትሐዊ ነው ማለት አይቻልም። የሚለካው ችሎታን ብቻ ሳይሆን ጽናትን ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም።

ያም ሆኖ መንገድ ላይ የቀረው ባዶ እጁን አይቀርም፤ ሥርዓቱን ለዘመናት ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ከንባብ ቤት የወጣ ዳዊት ይደግማል። ከቅዳሴ ቤት የወጣ ዲያቆን፣ ቀጥሎም ቄስ ይሆናል። ከጾመ ድጓ ያላለፈ በደብሩ ማኅሌት ይቆማል። እጁ የሰላ ብራና ይጽፋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ መውጫ አለ፣ ከመውጫው ደጅ ደግሞ ሥራ አለ። ስለዚህ ቤተልሔም ሳይደርስ የተመለሰ ሰው ወደቀ አይባልም፤ እስከዚያ ድረስ ነው የሄደ ይባላል። የዘመኑ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠ ልጅ በእጁ ምን ይዞ እንደሚወጣ ላሰበ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው።

የተማሪው ኑሮ ከውስጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚሻ አንባቢ ገጣሚው መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ሰምቶ ያሳተመውን መጽሐፍ ቢያነብ ብዙ ያገኛል። ሐዲስ ዓለማየሁም በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን የቅኔ ተማሪ አድርገው ሲቀርጹት ራሳቸው ያለፉበትን ዓለም እየሳሉ ነበር።

የሥርዓቱ ድክመቶችም ከአሠራሩ ውስጥ ይወለዳሉ። ሙያው በአንድ ሰው ላይ ከተንጠለጠለ ሰውየው ሲሞት ሙያው ይናጋል። ተተኪ ያላዘጋጀ መምህር ሲያርፍ ጉባኤው ይታጠፋል፤ ተማሪው አኩፋዳውን አንሥቶ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በብዙ ቦታ የሚያስተምር ሰው ባለበት ሙያ ይህ ጉዳት ይቀላል፤ ዝማሬና መዋሥእትን በመሰለ፣ ምስክሩ በአንድ ቦታ በሆነ ሙያ ግን ጉዳቱ የአገር ይሆናል።

ከዚህ በላይ ሥርዓቱን ክፉኛ የነካው የመሬት ጉዳይ ነው። ቀድሞ ደብሩ መሬት ነበረው፤ መምህሩም በማስተማሩ ከዚያ መሬት ድርሻ ያገኝ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ የደብሩም አብሮ ሄደ። የተማሪው ምንጭ፣ ማለትም ልመናው፣ ከመሬት ሥሪቱ ጋር በቀጥታ ስላልተያያዘ ቀጠለ፤ የመምህሩ ግን ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የኔታ የሚኖረው ምእመናን በሚያዋጡት፣ ቤተ ክህነት በሚከፍለው ጥቂት ደመወዝና በልጆቹ ጉልበት ሆነ። ተማሪ እያለ መምህር የሚጠፋበት ጉባኤ መኖሩን ለመረዳት ከዚህ መነሣት ይሻላል፤ «የዘመኑ ልጅ ትምህርት ጠላ» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ጉዳዩን ገልብጦ ያየዋል።

ወደ ዛሬዋ ደብረ ታቦር እንመለስ። ከተማዋ አሁን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ነው። እዚያም የሚማረው ብዙው ልጅ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ የመጣበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ተማሪ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ፣ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ከሞላ በኋላ መንግሥት በውጤቱና በቦታው ብዛት ይመድበዋል። አዲስ አበባን ሲመኝ ደብረ ታቦር የደረሰው ልጅ፣ ደብረ ታቦርን ሲመኝ ሌላ ጫፍ የደረሰው የፋርጣ ልጅ፣ ሁለቱም የተመደቡ እንጂ የሄዱ አይደሉም። ዝውውር በሕመም ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት ካልሆነ ይከብዳል። በሩም ጠብቧል፤ የማለፊያው ነጥብ ግማሽ ከሆነ ወዲህ፣ ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ።

በሁለቱ ቤቶች መካከል የሚመላለሱ ልጆች አሉ፤ ቀን ደብተር ይዘው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማታ ወደ የኔታ ጉባኤ። በየቤቱ ውስጥ ወደፊት መሄድ ይችላሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ግን የሚያሻግር ድልድይ አልተሠራም። ቤተልሔም ድጓ አስመስክሮ የወጣ ሰው ግእዝ ያነብባል፣ በቃሉ የያዘው ጽሑፍ ከብዙ ምሩቅ የሚበልጥ ነው፤ በክሬዲት የሚቆጥርለት ግን የለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግእዝ በዲግሪ ይሰጣል። በመደበኛው መንገድ እዚያ ክፍል ገብቶ ለመቀመጥ ከደብረ ታቦር የሚሄደው የአውቶቡስ መንገድ ከሦስት ሰዓት አይበልጥም፤ ለባለምስክሩ ግን መንገዱ የሚጀምረው ከአንደኛ ደረጃ ክፍል ነው።